ወፍ የማይለምደው ምት

አውሮፓ ውስጥ ሰው ትኬት ቆርጦ የሚገባበት አንድ ዓይነት ኮንሰርት አለ። መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች ይወጣሉ። አንዱ ክላርኔት ወይም ሳክስፎን ታቅፏል፤ ሌላው ድስቱን፣ ሰንሰለቱን፣ የብስክሌት ቸርኬውን፣ ከየጓሮው የለቀመውን ብረታ ብረት ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግፎ መሐሉ ቁጢጥ ይላል። ኖታ የለም። ልምምድም አልተደረገም። አንዱ ያቃስታል፣ ሌላው ያንኳኳል፤ ሁለቱም ድንገት ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ተያይዘው ይነሳሉ። ሰዓት ሲሞላ ታዳሚው ቆሞ ያጨበጭባል። ይህን ሙዚቃ የሚወድ አንድ አዲስ አበቤ ወዳጄ «ከሕግ ሁሉ የተፈታ፣ እዚያው በቅጽበት የሚወለድ» እያለ ያሞካሸዋል። እኔ ግን ያደግሁት ከብት ካለበት አገር ነውና የተፈታ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየኝ ገመዱን በጥሶ የሰው ማሳ የገባ ወይፈን ነው። ወይፈኑ በቅጽበት የሚወልደው ነገር ደግሞ ሽምግልና ነው።

ወዳጄን «አትድከም፣ ጥቅምት ላይ ወረታ ውረድ» አልሁት። አልወረደም። ስለዚህ የሰማሁትን እኔው ላውጋው።

ወረታ ጸጥታ ፍለጋ የሚኬድባት ከተማ አይደለችም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። የመገንጠያ ከተማ ጠባይ የታወቀ ነው፤ ያለው ሰው ሁሉ የሌላ ቦታ ስም ሲጣራ ይውላል። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ያጮለዋል፣ ሹፌሩ ወደ ኋላ ሳይዞር ከጥፊው ዓይነት «ቁም»ን ከ«ሂድ» ይለያል። ከጀርባ የሩዝ መፈልፈያው ሞተር ያጓራል። ወደ ደረቅ ወደቡ የሚያቀና ተሳቢ ጥሩምባውን ይነፋል፣ አህያው ይመልስለታል፣ ካሴት ቤቱ ሁለቱንም ሊያሸንፍ ድምፁን ይጨምራል። ወዳጄ የሚከፍልበትን ዓይነት ኮንሰርት እዚህ ሻይ አዝዞ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማዋል፤ ጎረቤት ሆኖ የሚኖረው ሰው ደግሞ እንዳይሰማው ቢከፍል ደስ ይለው ነበር።

ከተማውን ለቅቆ ወደ ጣና አቅጣጫ የሄደ ሰው ሜዳው ላይ ይወጣል። ፎገራ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የሚያጣበት አገር ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው እዚህ ሲደርሱ ቁልቁለት ያልቅባቸዋል፤ ክረምት ላይ የሚሄዱበት ሲጠፋቸው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ድሮ ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ የቀረውን የፎገራ ላም፣ ያች ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋ፣ ወተቷ የተመሰገነላት፣ ትግጠዋለች። በ1970ዎቹ ሩዝ መጣና ነገሩ ተገለበጠ። ሰው የሚሸሸው ውሃ የሚፈለግ ሆነ። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፣ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ገለባው ለከብት ይከመራል። ኤክስ ጅግና የሚባል ስመ ጥር ዝርያም አለ። ስሙን ለሰማው ፎካሪ ይመስላል፤ ወፍ ፊት ሲቆም ግን ፉከራው ሁሉ ይጠፋዋል።

ወፉ የሚመጣው እህሉ ወተት ሲይዝ ነው። ፍሬው ገና ሳይጠነክር፣ በጣት ሲጨመቅ ነጭ ፈሳሽ በሚወጣው ጊዜ፣ ወፉ እንደ ሕፃን ይጠባዋል። አርሶ፣ ችግኝ ነቅሎ ተክሎ፣ አርሞ እዚህ የደረሰ ሰው ለወፍ አይሰጥም። ስለዚህ ማሳው መሐል ማማ ይቆማል፣ ማማው ላይ ልጅ ይወጣል፣ ልጁ እጅ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሁሉ ይሰጠዋል። የእኔ ወግ የሚጀምረው ከዚህ ማማ ላይ ነው።

ማማው አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከላዩ ርብራብ፣ ከርብራቡ ላይ የሩዝ ገለባ ነው። ልጁ ከአሥራ ሁለት ዓመት የሚያልፍ አይመስልም። ወጥቼ አጠገቡ ስቀመጥ ዕቃውን ማየት ጀመርሁ። በስተቀኝ ክዳኑ የተቀደደ የዘይት ቆርቆሮ ተደፍቷል። በስተግራ ሦስት ቢጫ ጀሪካን፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ እስከ ወገቡ ውሃ የያዘ፣ አንዱ ጎኑ የተሰነጠቀ። ባዶው ሲመታ ያስተጋባል፤ ውሃ ያለው ምቱን ይውጠውና ትንሽ ቆይቶ ይተፋዋል፤ የተሰነጠቀው እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ይንኮሻኮሻል። ከማማው እግር እስከ ማሳው ጥግ ሲባጎ ተወጥሯል፤ ሲባጎው ላይ ጠጠር የተጨመረባቸው የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ተንጠልጥለዋል። የሲባጎው ጫፍ የታሰረው ልጁ ግራ እግር አውራ ጣት ላይ ነው። እጁ ቆርቆሮውን እየመታ ጣቱን ሳብ ሲያደርግ እዚያ ማዶ፣ ሰው በሌለበት፣ ጣሳው ይንኳኳል፤ ወፉ ከዚህ ሸሽቶ ወደዚያ ሲሄድ እዚያም ይጠብቀዋል። ከሲባጎው ጎን ለጎን የካሴት ክር ተዘርግቷል፤ ነፋስ ሲያገኘው ይርገበገባል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። የማን ዘፈን እንደነበረ ጠየቅሁት፤ አያውቅም። የሆነ ድምፃዊ ሙሉ አልበም እዚህ ወፍ እያባረረ ነው። ለአንዳንዱ አልበም ሹመት ነው።

ከማማው በታች፣ ከቦዩ ማዶ፣ ሌላ ጎረምሳ አለ። እሱ ላሞች ይጠብቃል። የታጨደው ማሳ ላይ ይለቃቸዋል፣ ያልታጨደው ውስጥ እንዳይገቡ ከቦዩ ጠርዝ ይቀመጣል፣ ዋሽንት ይነፋል። ዋሽንቷ ክንድ ከስንዝር ትሆናለች። አራቱን ቀዳዳ በጋለ ብረት የበሳው ራሱ ነው፤ ሦስተኛው ትንሽ ሰፍቶበታል፣ ስለዚህ ጣቱን ግማሽ ብቻ እያሳረፈ ይነፋታል፣ ድምፁም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ዘንበል ይላል። ከመጀመሩ በፊት ቦዩ ውስጥ ነከር አድርጎ ያራግፋታል። ከዚያ ከንፈሩን ወደ ጎን ሸፈፍ አድርጎ ጫፏ ላይ ያስጠጋታል፤ መጀመሪያ የሚሰማው ዜማ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው።

የተሠራችው ከሸምበቆ ነው። እዚህ ላይ ወጉን ገታ አድርጌ ሸምበቆን ላመስግን፤ እንደ እሱ ውለታው የተረሳ ተክል አላውቅም። ሳክስፎን መላ አካሉ ናስ ሆኖ ሳለ ባለሙያዎች ከእንጨት መሣሪያዎች ጋር የሚቆጥሩት አፉ ላይ በምትታሰረው ቀጭን ስንጣሪ ምክንያት ነው፤ ያች ስንጣሪ ከሸምበቆ ትሰነጠቃለች፤ ያውም እኛ አጥርና ዋሽንት ከምንሠራበት ከዚያው ከሸምበቆው ዝርያ። ያለ እሷ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ናስ ውሃ የማይወርድበት ቧንቧ ነው። ይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ የአርበኛውን ፉከራና ሽለላ በሳክስፎን ሲያስጮህ፣ ጎፈሩን ደፍቶ መድረኩን ሲንጎራደድበት፣ አፉ ውስጥ የምትንቀጠቀጠው የወንዝ ዳር ሸምበቆ ነበረች። ዘ ኤክስ የሚባሉት የአምስተርዳም ሰዎች፣ ጊታር እንደ ብረት ቤት የሚቀጠቅጡት፣ ከእሱ ጋር ገጥመው እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ሲያሳትሙ ደንግጠው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ በሰማሁት ጊዜ ደንግጫለሁ። ሰውየው የሚፎክረው በሰው ቋንቋ ነው፤ ቃል ብቻ ነው የጎደለው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም ለሙሉ ኦርኬስትራ ሲደርስ ጉዳዩን ያገኘው ከእረኛ ዘንድ ነው፤ «ዘ ሼፐርድ ፍሉቲስት» ይባላል ድርሰቱ። ቫዮሊኑ ተደርድሮ፣ መሪው ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ያ ሁሉ ሰው ቦይ ዳር ለተቀመጠ አንድ ልጅ ሊያጅብ! የቦዩ ዳር ልጅ ግን አጃቢው ሌላ ነው።

አጃቢው ማማው ላይ ነው፤ ያውም ሳይስማሙ። እንዲያውም ቢጠየቁ ሁለቱም አብረው አይጫወቱም። አንዱ ላም ይጠብቃል፣ አንዱ ወፍ ያባርራል። ዋሽንቱ «ነይ፣ እዚሁ ሁኚ» ይላል፤ ቆርቆሮው «ሂድልኝ» ይላል። በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ እንግዳ ተቀባይ ሌላው እንግዳ አባራሪ ሆነው የሚውሉ ሁለት ሰዎች ዜማቸው ይገጥማል ብሎ የሚጠብቅ የለም። እኔም አልጠበቅሁም። ግን ጆሮዬን ሰጥቼ ስቀመጥ ልብ ያልሁት ነገር ነበር። ቆርቆሮው መቼም አይስተካከልም። ደም ብሎ ይመታና ዝም፤ ቆይቶ ሦስቴ ያከታትላል፤ ቀጥሎ ይመጣል ስትል ይቀራል፤ ቀረ ብለህ ስትዘናጋ ጆሮህ ሥር ይፈነዳል። በእኛ አገር ደግሞ ቆርቆሮና ልጅ ከተገናኙ የሚሰማው የታወቀ ነው፤ ችክችካ። ትከሻ ያለው ሁሉ የሚያውቀው።

«ለምንድን ነው እንዲህ ዝብርቅርቅ አድርገህ የምትመታው?» አልሁት።

ልጁ ያዘነልኝ ይመስል ቀስ ብሎ ዞረ። «ጋሼ፣ አስተካክዬ ከመታሁትማ ወፉ ይለምደዋል።»

«ምን ሲሆን ይለምደዋል?»

«ይቆጥራላ! ችክችካ የመታሁለት ቀን ቁጭ ብሎ በላ። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይበላል። ሰርግ መስሎት።»

ይህን የነገረኝ ኮስተር ብሎ ነው። ነገሩ ደግሞ እውነት ነው፤ ወፍ የሚፈራው ድምፅን ሳይሆን ያልጠበቀውን ድምፅ ነው። በውጭ አገር እርሻዎች ጋዝ እያፈነዱ ወፍ የሚያባርሩ ማሽኖች አሉ፤ በእኩል እኩል ደቂቃ ከተሞሉ ወፉ ሰዓቱን አጥንቶ አፈሙዛቸው ላይ እስከ ማረፍ ይደርሳል። ስለዚህ አምራቾቹ የፍንዳታው ሰዓት እንዲዘበራረቅ አድርገው መሥራት ግድ ሆነባቸው። ወዳጄ በአድናቆት የሚያወራለት፣ ከምት እስር የተፈታ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የማይታወቅ አመታት እዚህ የእርሻ ግብአት ነው፤ እንደ ማዳበሪያው። ልጁ ለአንድ አፍታ እንደ ባንድ ከበሮ መቺ ከተስተካከለ ኪሳራው በኩንታል ይለካል። የትኛውም የአውሮፓ ሃያሲ በዚህን ያህል ጥብቅ ሚዛን ሙዚቀኛ አይመዝንም።

ሃያሲ ካልሁ ዘንዳ፣ ሃያሲም አለችው። የማሳው ባለቤት አክስቱ ናት፣ እትየ ይላታል። ቤቷ ከማማው ራቅ ይላል፤ ከዚያ ሆና እንጀራ እየጋገረች በጆሮዋ ትከታተለዋለች። ምቱ እየተስተካከለ ከመጣ ልጁ ሐሳብ ይዞታል፣ ወይም እንቅልፍ፣ ወይም ጓደኛ መጥቷል ማለት ነው። ያኔ ከደጃፏ ወጥታ ትጣራለች፤ «አንተ! አሳመርኸው እኮ! ማን አሳምር አለህ!» በሕይወቴ ሙዚቀኛ ስላሳመረ ሲሰደብ የሰማሁት እዚህ ብቻ ነው። ልጁም ደንግጦ ወዲያው ያበላሸዋል። ከመበላሸቱ የተነሳ አንዳንዴ እጅግ ያምራል።

ዋሽንቱስ? የዋሽንቱ ሕግ የዚህ ግልባጭ ነው። ጎረምሳው የሚነፋው ዞሮ ዞሮ ያንኑ ነው፤ ከላይ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ ያች የሰፋች ቀዳዳ ላይ ዘንበል ይላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። «ሌላ አታውቅም?» ብዬ ነካ አደረግሁት። «አውቃለሁ እንጂ! ላሞቹ ናቸው የማያውቁት» አለኝ። አዲስ ነገር ሲነፋ ቀና ይላሉ፣ ጆሮ ያቆማሉ፣ ከዚያ እግር ይከተላል። የለመዱትን ሲሰሙ ግን ጠባቂያቸው እዚያው እንዳለ ያውቁና አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ዋሽንቱ ድንገት ከተቋረጠ ችግር አለ፤ ጥጃ ሩዝ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የእሱ ታዳሚ መደጋገም ይወዳል፤ የዚያኛው ታዳሚ መደጋገምን ከሰማ ማሳውን ይጨርሰዋል።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ መድገም አለበት፣ ሌላው መድገም የለበትም። ሁለቱም አይተያዩም፤ ቦዩ ዳር ያለው ደንገል ይጋርዳቸዋል። ግን ይሰማማሉ፤ አለመሰማማት አይችሉም። ልጁ «ከዋሽንቱ ጋር አልመታም» ይላል፤ ውሸቱን ነው። ዋሽንቱ ሲወርድ፣ ትንፋሹ አልቆ እንደገና ሊስብ ሲል፣ ያች ክፍተት ላይ ውሃ ያዘለው ጀሪካን «ቡም» ይላል፣ በጣም በቀስታ፣ ወፍ ቀርቶ ዝንብ በማያባርር ልክ። ለወፍ እንዳልሆነማ ግልጽ ነው። ጎረምሳውም «የሱን ጫጫታ ማን ይሰማል» ይላል፤ ግን ቆርቆሮው ሲፈነዳ ዋሽንቱ አንድ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ጫጫታው እስኪያልፍ፤ ሰው በር ላይ ቆሞ ሌላውን እንደሚያሳልፍ። አንድ ጊዜ ነፋስ ተነስቶ የካሴት ክሩ በሙሉ ሲያጉረመርም ሁለቱም አቆሙ። ማንም አቁሙ አላላቸውም። ክሩ ብቻውን ተጫወተ፣ ነፋሱ ተኛ፣ ከዚያ የተሰነጠቀው ጀሪካን አንድ ጊዜ አሳለ፣ ዋሽንቱ ተነሳ። ወዳጄ ይህን ቢሰማ ኖሮ ለቅሶ ይቀመጥ ነበር።

ጅራፉን ልጁ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ወፉ ቆርቆሮውን ንቆ፣ ጣሳውን ንቆ፣ ወንጭፉንም ጎንበስ ብሎ አሳልፎ ሲመጣ ብድግ ብሎ ጅራፉን ይፈታል። የገዛው አይደለም፣ ነሐሴ ላይ ለቡሄ የገመደው ነው። ይህ አካባቢ የደብረ ታቦር ጎረቤት ነውና በቡሄ ጅራፍ ቀልድ አያውቅም፤ ነሐሴ 13 ሲቃረብ መንደር ከመንደር በጅራፍ ጩኸት ይነጋገራል፣ ሊቃውንቱ በታቦር ተራራ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ። የፊዚክስ ሰዎች ደግሞ በሌላ በኩል መጥተው ያስደንቃሉ። ጅራፍ ሲጮህ የሚሰማው ገመድ ከገመድ ተጋጭቶ አይደለም፤ እጥፋቱ ከእጀታው ተነስቶ እየቀጠነ ወደሚሄደው ጫፍ ሲሮጥ ፍጥነቱ ይጨምርና ጫፉ ከድምፅ ይቀድማል፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ። ጦር አውሮፕላን የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታ ይኸው ነው። ሰው ከድምፅ የፈጠነ ዕቃ የሠራው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አይደለም፤ እረኛው ቀድሞታል፣ ያውም ከልጥና ከቃጫ። ልጁ ጅራፉን ሲያጮኸው ሜዳው ላይ ያለ ወፍ በሙሉ እንደ አንድ ጨርቅ ይነሳል። ዋሽንቱም ያቆማል። ላሞቹም ቀና ይላሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አይጫወትም፤ ከጅራፍ ቀጥሎ የሚባል ነገር የለም።

ያልተለመደ የምት መሣሪያ ሲባል አዲስ ግኝት የሚመስላቸው አሉ። ጣና ላይ ታንኳ ይዞ ወደ ገዳማቱ የተሻገረ ሰው ግን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠጠር ሲመታ ሰምቷል፤ መነኮሳቱን ለጸሎት የሚጠራ የድንጋይ ደወል ነው። ናስ ያረገዘ ይመስል ጥርት አድርጎ ይጮሃል። ለባዕድ ሰው ድንጋይ ማስጮህ ከፍተኛ ጥበብ ነው፤ ለገዳሙ ግን «ተነሱ፣ ሰዓቱ ደርሷል» ነው። በቅጽበት መፍጠርም እንዲሁ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግመው ምን እንደሚደርስበት ያውቀዋል። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ነው፣ ልኩ የተወሰነ ነው፣ ዜማው የተወሰነ ነው፤ ነገሩ ግን የዕለቱ መሆን አለበት። የቅኔ መምህሩና የወፍ ጠባቂው አክስት ቢገናኙ በሙያ ጉዳይ የሚከራከሩ አይመስለኝም።

ልጁ ስለ ውጭ አገር ሙዚቀኞች ስነግረው በትዕግሥት አዳመጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 ግንቦት ላይ ፔተር ብሮትዝማን የሚባል ጀርመናዊ ክላርኔቱንና ሳክስፎኑን፣ ሃን ቤኒንክ የሚባል ሆላንዳዊ ዱላውን ይዘው ጀርመን አገር ጥቁር ጫካ ወደሚባለው ደን ገቡ። ቤኒንክ ከበሮ መቺ ነው፤ ግን ከበሮ ካጣ ወንበር፣ ወንበር ካጣ ወለል የሚመታ ሰው ነው። ደኑ ውስጥ ብሮትዝማን ነፋ፣ የወፍ ድምፅ የሚያወጣ ፉጨትም ነፋ፤ ቤኒንክ ግንድ መታ፣ ውሃ መታ። ቀረጹትና ሸክላ አሳተሙት። ሸክላው ላይ የተጫወቱባቸው መሣሪያዎች ሲዘረዘሩ ከክላርኔቱ በታች እንጨት፣ ዛፍ፣ አሸዋ፣ መሬት፣ ውሃ፣ አየር ተብሎ ተጽፏል። መሬትና ውሃን በስሙ ያስመዘገበ ሰው ፎገራ ላይ ቢገኝ ጉዳዩ ወዲያው ቀበሌ ነበር የሚታየው። ግን ሸክላው የሚያምር ነው፤ ሁለት ጎልማሶች ልጅ ሆነው ወንዝ ውስጥ ሲንቦጫረቁ የሚሰማበት።

ስጨርስ ልጁ አውራ ጣቱን ሳብ አደረገ፤ ከማዶ ጣሳው ተንኳኳ።

«ምን ነበር የሚጠብቁት?» አለኝ።

«ምንም። ለሙዚቃው ነው የሄዱት።»

«ማሳ የለም?»

«የለም።»

«ላምስ?»

«ላምም የለም። ጫካ ነው አልሁህ።»

ቆርቆሮውን በጣቱ ጫፍ እያንኳኳ አሰበበት። ከቦዩ ማዶ ዋሽንቱ ሊያቆም ሲል እንደ መስማት ብሎ ጀሪካኑን ነካው፤ ዋሽንቱ ቀጠለ።

«እና ወፉን ነው የሚጠሩት?» አለ፣ ድንገት። «የወፍ ድምፅ ይነፋል አላልኸኝም?»

«አዎ፣ ይነፋል።»

«ይጠሩታል!» ፊቱ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ አየሁ። ወዲያው ተነስቶ ወደ ደንገሉ አቅጣጫ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፤ «ስማ! ፈረንጅ አገር ዋሽንት ነፊው ወፉን እየጠራ፣ ባለቆርቆሮው እያባረረ ነው አሉ የሚውሉት! ሰማህ?»

ከደንገሉ ማዶ ዋሽንቱ ተቋረጠ። «ታዲያ መቼ ነው የሚታጨደው?» አለ ድምፅ።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ መልሱን ጠበቀ። እኔ ሳስብ፣ ዋሽንቱ ዝም እንዳለ፣ ጥጃዋ ቦዩን ተሻገረች። እትየ ከደጃፏ ጮኸች፣ ጎረምሳው እየሮጠ ወጣ፣ ከሰሜን በኩል ደግሞ ወፉ መንጋውን ይዞ ዞረና መጣ። ልጁ የጀሪካኑን መምቻ ለእኔ ወርውሮ ጅራፉን አነሳ።

«ጋሼ፣ አንተ ይህን ያዝ» አለኝ። «ብቻ እንዳታሳምረው።»